ደም ልንሰጥ ሄደን ለምን ተመለስን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጤና

ሰኔ 7 (ጁን 14) የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ነው። እሱን አስታክከን «ጠይቁን» ብለን ነበር። ከሎንደን፣ ከዋሽንግተን አካባቢና ከእስራኤል የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ያው ናቸው፦ እጅጌዬን ሰብስቤ ሄጄ ለምን መለሱኝ? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ስም ሳንጠቅስ መልሰናል።

«ልጅነቴን ያሳለፍኩት መተማ ነው፤ በአሥር ዓመቴ ወባ ይዞኝ ያውቃል። ሎንደን ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው። ለገና አገር ቤት ደርሼ በተመለስኩ በሁለተኛው ወር ደም ልሰጥ ብሄድ ‹ቆይተሽ ነይ› አሉኝ። እንግሊዛዊቷ ጎረቤቴ ግን በዓመት ሦስቴ ትሰጣለች። አፍሪካዊት ስለሆንኩ ነው እንዴ?» (አንባቢ፣ ሎንደን)

አይደለም፣ በወባ ምክንያት ነው። ጎረቤትዎም አርባ ምንጭን ጎብኝታ በሁለተኛው ወር ብትሄድ ያንኑ ትባላለች።

የወባ ተውሳክ የሚኖረው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ደም የሚቀመጥበት የ4 ዲግሪ ቅዝቃዜም ቶሎ አይገድለውም። ወባማ አካባቢ ያደገ ሰው ሰውነቱ ከበሽታው ጋር ስለሚላመድ፣ ትኩሳት ሳይሰማው ጥቂት ተውሳክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እኛ አገር የተለመደው ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይነሣል። ማላሪዬ የሚባለውማ ለአሥርት ዓመታት ደም ውስጥ ተደብቆ ሲገኝ ታይቷል። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ አሞኝ አያውቅም» ማለት እዚህ ላይ አይበቃም።

የእንግሊዝ ደንብ ሁለት ዓይነት ሰው ይለያል። ለጉብኝት ሄዶ የመጣ ሰው 4 ወር ይጠብቃል። በዕድሜው በማናቸውም ጊዜ ወባ ባለበት አገር 6 ወር በተከታታይ የኖረ ሰው ደግሞ፣ ከወጣ 14 ዓመት ቢሆነውም፣ ደሙ የወባ አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ነገር) ምርመራ ማለፍ አለበት። እርስዎ ሁለቱም ይመለከትዎታል። በዚያ ቀን የመለሰዎ የገናው ጉዞ ነው። 4 ወሩ ሲሞላ ቀጠሮ ይያዙ፤ ቀጠሮውን ሲይዙም «ወባ አገር አድጌያለሁ፣ ይዞኝም ያውቃል» ብለው ይንገሯቸው፤ የሚወስነው ምርመራው ነው። አንቲቦዲ ከተገኘ ታመዋል ማለት አይደለም። ሰውነትዎ የድሮውን ወባ አልረሳውም ማለት ነው፤ ደሙን ግን ለሕመምተኛ አይሰጡትም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ የእናንተ ሒሳብ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ5 ዓመት በላይ የኖረ ሰው አሜሪካ ከገባ በኋላ 3 ዓመት ይቆያል። ወባ ታሞ የዳነ ሰውም ምልክቱ ከጠፋለት 3 ዓመት ይቆያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቶ ለእህቱ ሠርግ ባሕር ዳር ደርሶ የመጣ ሰው የቀረው ስድስት ወር ይመስለዋል። ቆጠራው ግን ከዜሮ ይጀምራል፣ ሌላ 3 ዓመት። ሦስቱን ዓመት አንዴ በተከታታይ ከጨረሰ በኋላ ወባማ ቦታ ቢሄድ ግን የሚጠብቀው 3 ወር ብቻ ነው። (እስከ 2020 ድረስ አንድ ዓመት ነበር። የድሮውን የሰሙ ሰዎች እስከ ዛሬ ለሌላው ያንኑ ይነግራሉ።)

አዲስ አበባስ? ለነዋሪነት የሚቆጠረው አገሩ ነው፤ ቦሌ ያደገም ጋምቤላ ያደገም እኩል ነው። ለጉብኝት ግን የሚታየው ቦታው ነው። አሜሪካኖቹ በሚጠቀሙበት ዝርዝር አዲስ አበባ ወባ የሌለበት ከተማ ስለሆነ፣ ከከተማ ሳይወጣ የተመለሰ ሰው ላይጠብቅ ይችላል። ላንጋኖ ወርዶ ያደረ ግን ይጠብቃል። ስለዚህ ያደራችሁባቸውን ከተሞችና ቀኖቹን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ጠያቂዋ ነርስ የቦታውን ስም ፈልጋ ማየት አለባት፤ «እዚያ ሰሜን አካባቢ» ብትሏት ጥንቃቄ ስለሚያሸንፋት ትመልሳችኋለች።

«አባቴ ‹ደማችንን የደፉ ሰዎች ናቸው፣ አንዲት ጠብታ አትሰጥም› ይለኛል። እኔ መስጠት እፈልጋለሁ። ምን ልበለው?» (አንባቢ፣ ናታንያ)

አባትዎ የሆነውን ነው የሚናገሩት። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ማሪቭ ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ የእስራኤል የደም አገልግሎት ከቤተ እስራኤል ወገኖች የተቀበለውን ደም በምስጢር ይጥል ነበር። ለጋሹ ተመስግኖ ይሸኛል፣ ከረጢቱ ይጣላል። ጃንዋሪ 28 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፉ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰባቸው። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን መሪነት ተቋቋመ። ነገሩ ግን በዚያ አልዳነም። በሦስት ዓመቷ እስራኤል የገባችው የዚያን ጊዜ የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ-ሻታ፣ በዲሴምበር 2013 በዚያው በፓርላማው (በክኔሴት) ግቢ ደም ልትሰጥ ብትቀርብ ኢትዮጵያ በመወለዷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው ጥቅሉ ክልከላ የተነሣው።

የዚያን ጊዜ ምክንያታቸው ኤችአይቪ ነበር። ስሕተቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰውን ባደረገው ሳይሆን በተወለደበት መዘኑት። ሁለተኛው፣ በእኛ ሚዛን የከፋው፣ አለመናገራቸው ነው። «ደምዎን መጠቀም አንችልም» የተባለ ሰው ይከፋዋል፤ ተሸኝቶ ሲያበቃ ደሙ የተደፋበት ሰው ግን እንደተዋረደ ነው የሚያውቀው። ዛሬ የተለገሰ ከረጢት ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ የቫይረሱን ዘረ መል ራሱን በሚፈልግ ምርመራ ያልፋል። በዚህ ምርመራ ቫይረሱ ገብቶ የማይታይበት ጊዜ ወደ 10 ቀን ገደማ ወርዷል። ለዚህም ነው አሁን የሚጠየቁት ያለፉት ጥቂት ወራት ኑሮዎ እንጂ ትውልድዎ ያልሆነው።

ይህ የእስራኤል ብቻ ታሪክ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1990 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሄይቲዎችንና ከሰሐራ በታች ያሉ አፍሪካውያንን በሙሉ፣ የእኛንም ሰው ጭምር፣ ደም እንዳይሰጡ አለ። ኤፕሪል 20 ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሄይቲዎች የብሩክሊንን ድልድይ ሞልተው ወጡ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ደንቡ ተሰረዘ። በእንግሊዝም «አፍሪካ ውስጥ ግንኙነት ፈጽሞ ሊያውቅ የሚችል የፍቅር ጓደኛ ነበረሽ ወይ?» የሚል ይዘት ያለው ጥያቄ ከመጠይቁ የወጣው በ2021 ነው። አንድ ኢትዮጵያዊት ኢትዮጵያዊ ባሏን ይዛ ስትኖር በዚያ ጥያቄ ብቻ ትመለስ ነበር።

አባትዎን አይከራከሯቸው። ብቻ ደም በሚሰጡበት ቀን ቆይተው፣ ከብዙ ቦታ የሚላከውን «ደምዎ ወደ ሆስፒታል ሄዷል» የሚል መልእክት የእርስዎም አገልግሎት ይልክ እንደሆነ ይጠይቁ። የሚልክ ከሆነ መልእክቱን ያሳዩዋቸው።

«‹የጥቁር ሕዝብ ደም በጣም ይፈለጋል፣ ለሲክል ሴል ሕመምተኞች› የሚል ማስታወቂያ አውቶቡስ ላይ አያለሁ። እኛ ሐበሾች ሲክል ሴል የለብን። ታዲያ የእኛ ደም ምን ያደርግላቸዋል?» (አንባቢ፣ ብሪክስተን)

በደጋው ሕዝባችን ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ የሚጣመምበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ብርቅ መሆኑ እውነት ነው። ግን የሚፈለገው በሽታው የሌለበት ደም ስለሆነ ይህ ለእኛ እንቅፋት አይደለም። ቁም ነገሩ ቀይ ሕዋሱ የለበሰው ምልክት ነው።

ሁላችን የምናውቀው ኤ፣ ቢ፣ ኦ እና ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ የሚለውን ነው። «ፖዘቲቭ» የሚባለው ዲ የተባለው ምልክት ሲኖር ነው። ከዲ ጎን ግን ሲ እና ኢ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ትልቅና ትንሽ ያላቸው ምልክቶች አሉ። ዲ ኖሮት ትልቁ ሲ እና ትልቁ ኢ የሌሉት ደም «ሮ» ይባላል። በእንግሊዝ ከመቶ ለጋሾች 2 ያህሉ ብቻ ናቸው ሮ የሆኑት፤ ከጥቁር ለጋሾች ግን ከግማሽ በላይ። ይህ የግማሽ ቁጥር በብዛት ከምዕራብ አፍሪካና ከካሪቢያን ከመጡ ሰዎች የተወሰደ ስለሆነ ለሐበሻ እንዳለ አይገለበጥም፤ ሮ ግን እኛም ዘንድ አለ።

አንድ የሲክል ሴል ሕመምተኛ ደሙ ሲቀየርለት በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ከረጢት ይጨርሳል፤ ብዙዎቹ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ይቀየርላቸዋል። በየጊዜው የማይመሳሰል ደም የሚገባበት ሰው ሰውነቱ አንቲቦዲ እየሠራ ይሄዳል፤ እየቆየም የሚስማማው ደም ይጠፋል። ሮ ከመደርደሪያው ሲያልቅ የሚሰጠው ምትክ ኔጋቲቭ ደም ነው። ያ ደግሞ ኔጋቲቭ ለሆነች እናት በወሊድ ጊዜ የተቀመጠው ነው። እጥረቱ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው የሚዛመተው እንዲህ ነው።

ቅጹ ላይ የዘር ጥያቄ የሚመጣው ለዚህ ነው። ብዙ ሐበሻ «ምን አገባቸው» ብሎ ባዶውን ይተወዋል ወይም «ሌላ» ላይ ምልክት ያደርጋል። ላቦራቶሪው ግን ከሺህ ከረጢት የትኛውን ለተጨማሪ ምርመራ እንደሚያወጣ የሚመርጠው በዚያ መልስ ነው። «አፍሪካዊ» ብለው ይሙሉት።

«ሦስት ጊዜ ሄጄ ሁለቴ ‹ደምሽ አንሷል› ተብዬ ተመለስኩ። ጤፍ እበላለሁ፣ ምስርም አላጣም። ምን ይሻለኛል?» (አንባቢ፣ ሊድስ)

መቼ መቼ እንደሄዱ አልነገሩንም፤ ሁለቱ ከሁዳዴ በኋላ ቢሆኑ አይገርመንም።

ለሴት የሚፈለገው በአንድ ሊትር ደም 125 ግራም ሄሞግሎቢን (በቀይ ሕዋስ ውስጥ ያለው፣ ብረት የያዘው ኦክስጅን ተሸካሚ) ነው፤ ለወንድ በእንግሊዝ 135፣ በአሜሪካ 130። የጣት ጫፍ ተወግቶ የሚወጣው ጠብታ በአንዳንድ ቦታ ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውኃ ውስጥ ይጣላል። ከ15 ሰከንድ በታች ከጠለቀ አልፈዋል። ከተንሳፈፈ ወይም መሐል ላይ ከቀረ በማሽን ይደገማል። ጣት ሲበርድ ጠብታው በደንብ አይወጣም፤ ሲጨምቁት ደግሞ ከሥጋው ውኃ ይቀላቀልና ያቀጥነዋል። በክረምት እጅን በኪስ አሙቆ መግባት ተራ ምክር ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ጤፍ ብረት አለው፤ ከሚለካው ውስጥ ግን የተወሰነው ዐውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው፣ ለሰውነት አይሆንም። ከእህል የሚገኘውን ብረት ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዘዋል። በዚህ ረገድ እርሾ ባለውለታችን ነው፤ በደንብ የቦካ እንጀራ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ሦስት ቀን የቦካውና ለነገ ተብሎ በቶሎ የተጋገረው እንጀራ እኩል አይደሉም።

ትልቁ ሌባ ግን ቡና ነው። ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ከዚያ ማዕድ የሚገኘውን ብረት በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ በአንድ የታወቀ ሙከራ ወደ 40 በመቶ ገደማ። ምግብ በልቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጠጣትም እኩል ይጎዳል፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጠጣት ግን አልጎዳም። የእኛ ሥርዓት ደግሞ ምሳው እንደተነሣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ቡናውን ተዉ አንልም፤ ማንም አይሰማንም። ወደ ረፋድ ወይም ወደ አሥር ሰዓት ያዛውሩት። ሻይም ያው ነው። በምስሩ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት፣ ቲማቲም በቃሪያ ይጨምሩበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያሳልፈዋል። በፍስክ ሳምንት ሁለቴ ቀይ ሥጋ ወይም ጉበት ይመገቡ።

አንድ ልገሳ ከ470 ሚሊ ሊትር ጋር ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይወስዳል፤ በምግብ ብቻ ለመመለስ ወራት ይፈጃል። በእንግሊዝ ሴት 16 ሳምንት፣ ወንድ 12 ሳምንት እንዲጠብቁ የተደረገው ለዚህ ነው። በአሜሪካ ለሁሉም 56 ቀን ነው፤ የወር አበባዋ ለሚበዛ ሴት አጭር ነው ብለን እናምናለን፣ ብትዘልለው ይሻላታል። እርስዎ ሁለቴ ስለተመለሱ አራተኛ ከመሞከርዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄደው ፌሪቲን ያስለኩ። ሄሞግሎቢን መሶብ ላይ ያለው እንጀራ ነው፣ ፌሪቲን ጎተራው። የብረት ክኒን ከጎረቤት ተውሶ መጀመር አይበጅም።

«በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የደም ልገሳ ቀን ማዘጋጀት እንፈልጋለን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስበናል። ምን እንዳንረሳ?» (የወጣቶች ኮሚቴ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

እሑድ ከቅዳሴ በኋላን ይተዉት። ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰም፤ ባዶ ሆድ ሲሰጥ ይወድቃል፤ አንድ ሰው በአዳራሹ መሐል ከወደቀ ደግሞ ሃያው ቀጠሮውን ጥሎ ይወጣል። ቆራቢ የሆነ ሰው በዚያን ዕለት ደሙ እንዲፈስ አይፈልግም፤ አያስገድዱት፣ ሌላ ቀን ይስጥ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል። ነገሩን አስቀድመው ለካህናቱ ያስረዱ፤ ቦታው አዳራሹ እንጂ ቤተ መቅደሱ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። አባ ራሳቸው በመድረክ ቢናገሩት ከሃምሳ በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

ወሩንም ይምረጡ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በጾሙ ማብቂያ ብረቱ ዝቅ ይላል። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ ጥሩ ናቸው፣ በተለይ ከአራተኛው ሳምንት ወዲህ። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ራሱ ብዙ ጊዜ የሐዋርያት ጾም ላይ ይወድቃል፤ ለፖስተሩ ያምራል፣ ለጠብታው አይመችም። ሁለተኛው ምርጫ ጥቅምት ነው፦ ጽጌን የሚጾሙት ቢኖሩም ነቢያት ገና አልገባም፣ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄደውም ገና አልሄደም። ከጥር በኋላ ቢያደርጉት ግማሹ ሕዝብ ከጉዞ መልስ ስለሆነ ይመለስብዎታል። መስጊድ ላይ ለምታዘጋጁም፣ በረመዳን ከሆነ ከአፍጥር በኋላ ያለው ሰዓት ብቻ ነው የሚሆነው።

ለደም ባንኩ ስትደውሉ ቢያንስ ስንት የተመዘገበ ሰው እንደሚፈልጉ ጠይቁ። «ሕዝባችን ብዙ ነው» አይበቃም፤ ስምና ሰዓት ይሙሉ። አልጋዎቹ ስለሚገፉ ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ በቂ ሶኬት፣ ቅርብ መጸዳጃ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ድምፅ የማይሰማበት የመጠየቂያ ጥግ ያስፈልጋል። ስለ ግል ሕይወቱ የሚጠየቅ ሰው ከኋላው አክስቱ ተሰልፋ ከሆነ እውነቱን አይናገርም። በዚያው ምክንያት ዘመድን አስተርጓሚ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፤ ቋንቋ ለሚቸግራቸው ምን ማድረግ እንደሚቻል ቀጠሮ ስትይዙ ተነጋገሩ። ከመመዝገባችሁ በፊት የሦስት ዓመቱን ደንብ በአማርኛ ለጥፉት። ከአገር ቤት ከገባ ዓመት ያልሞላውን ልጅ አሰልፎ ማስመለስ ሁለተኛ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። እሱ ውኃ ያድል፣ ስም ይመዝግብ።

ከመስጠት በፊት ግማሽ ሊትር ውኃ። ከሰጡ በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ ማለት፣ ዳቦና ጭማቂ። ተኝተው ሳሉ ጭንና ዳሌን እያጠበቁ መልቀቅ ራስ ማዞርን ይቀንሳል።

አጫጭሮቹን በአንድ ላይ

ታክሲ የሚነዱ ሦስት አንባቢያን «ሰጥቼ ልነዳ?» ብለዋል። ፈረቃችሁን ጨርሳችሁ ስጡ። ዘግይቶ የሚመጣ ራስ ማዞር ከሰዓታት በኋላም አለ፤ መንገድ ላይ ቢመጣ መቆሚያ የለም።

ዋግምት ያስደረገች አንባቢ፦ ከቆዳ ላይ ደም የወጣበት ነገር፣ አዲስ ንቅሳትም ጭምር፣ ለጥቂት ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። የእናት አንገት ላይ ያለው የድሮ ንቅሳት ችግር የለበትም።

«ሄፓታይተስ ቢ አለብህ ተብዬ ነበር» ላሉት፦ ቫይረሱ ያለበት ሰው መስጠት አይችልም። የሐኪም ክትትልዎን ግን አያቋርጡ። ሌላው፣ «ነጻ ምርመራ ነው» ብለው ለመመርመር ብቻ ደም የሚሰጡ አሉ፤ ይህን አታድርጉ። አዲስ የገባ ቫይረስ በምርመራው ሳይታይ ሊያመልጥ የሚችልበት ጊዜ አለ፤ የሚከፍለው ደሙን የተቀበለው ሰው ነው።

ወረቀት ስለሌላቸው የፈሩ፦ የደም መጠይቁ ስለ ጤናና ስለ ጉዞ እንጂ ስለ መኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። በአሜሪካ ግን መታወቂያ ይታያል፤ ፓስፖርት ይሆናል።

ከወሊድ በኋላ፦ በእንግሊዝ 6 ወር፣ በአሜሪካ 6 ሳምንት።

«የአጎቴ ልጅ የደም ካንሰር ይዞት የመቅኒ ሕዋስ የሚሰጠው ጠፋ። ደም በመስጠት ይገኛል?» (አንባቢ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አይገኝም፤ መዝገቡ ሌላ ነው። እዚህ የሚዛመደው ኤችኤልኤ የሚባለው የነጭ ሕዋስ ምልክት ነው፤ ከደም ዓይነት ይልቅ እጅግ የረቀቀ ስለሆነ ከትውልድ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። ከወንድምና እህት አንድ ለአንድ ሲታይ የመዛመድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከዘመድ ካልተገኘ መዝገብ ይፈለጋል፤ በአሜሪካ መዝገብ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ሰጪ የሚያገኘው ነጭ ከመቶ 79 ሲሆን ጥቁር 29 ነው። በዚህ 29 ውስጥ ደግሞ ሐበሻው የሚፈልገው በአብዛኛው ሐበሻን ነው፤ የተመዘገብነው ግን ጥቂት ነን።

መመዝገቢያው የጉንጭ ውስጡን በጥጥ መጥረግ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ ከ18 እስከ 40 ዓመት፣ በእንግሊዝ በአንቶኒ ኖላን መዝገብ ከ16 እስከ 30። ከተጠሩ አብዛኛው ጊዜ የሚሰጠው ከክንድ ነው፦ ለጥቂት ቀናት መርፌ ይወጋሉ፣ ከዚያ ደሙ በማሽን ዞሮ ሕዋሱ ተለይቶ ይመለሳል። ከዳሌ አጥንት በመርፌ የሚወሰደው ጥቂቱ ነው፣ እሱም በማደንዘዣ። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን ተመዝግቦ ሲጠራ ስልኩን በማያነሣ ሰው ነው። ስለዚህ የአጎትዎን ልጅ ስም ይዘው ሠርግና ዕድር ላይ ሃምሳ ሰው ከማስመዝገብዎ በፊት «ለማንም ይሁን ከተጠራሁ እሄዳለሁ» የሚሉትን ብቻ ይለዩ፤ ስልክና አድራሻ ሲቀይሩም ለመዝገቡ እንዲያሳውቁ ይንገሯቸው።